ታሪክ በቦታው ሲነገር

በአሮጌይቱ ኢየሩሳሌም ጠባብ መንገዶች ከሚመላለሱት እንግዶች አንዳንዶቹ ዛሬ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው ይሄዳሉ። የእጅ ስልካቸው በሳተላይት ምልክት የቆሙበትን ስፍራ ለይቶ፣ በዚያ የተፈጸመውን ታሪክ በቋንቋቸው ይተርክላቸዋል። መሣሪያው አዲስ ነው፤ ሥራው ግን በዚህችው ከተማ ከዐሥራ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ381 እስከ 384 ዓ.ም. ኤጌርያ የተባለች ተሳላሚ ከምዕራብ መጥታ ቅዱሳት መካናትን ጐበኘች፤ ያየችውንም በአገሯ ለቀሩት እኅቶቿ ጻፈችላቸው። ጽሑፏ ብዙ ዘመን ተሰውሮ ከቆየ በኋላ፣ በዚሁ አቆጣጠር በ1884 ዓ.ም. በኢጣልያ በአሬጾ ከተማ ከፊሉ ተገኘ። እርሷና ባልንጀሮቿ ወደ አንድ ስፍራ በደረሱ ጊዜ አስቀድመው ይጸልያሉ፤ ቀጥሎ ስለ ስፍራው የተጻፈው ከመጽሐፍ ይነበባል፤ ከዚያም የሚስማማው መዝሙር ተደግሞ እንደ ገና ይጸለያል።

በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ሕዝቡ በሌሊት ከደብረ ዘይት ወደ ጌቴሴማኒ ይወርዳል፤ ከ200 የሚበልጡ መብራቶችም ይበሩለታል። ጌታ የተያዘበት ወንጌል በስፍራው ሲነበብ፣ የምእመናኑ ልቅሶ እስከ ከተማው ሊሰማ የሚችል እንደ ነበር ኤጌርያ መስክራለች። የቋንቋውም ነገር አልተዘነጋም። ኤጴስ ቆጶሱ ሱርስት ቢያውቅም በጽርዕ ብቻ ያስተምር ስለ ነበር፣ አንድ ቄስ በአጠገቡ ቆሞ ወደ ሱርስት ይተረጕማል፤ ሮማይስጥ ብቻ ለሚያውቁትም ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቁ ወንድሞችና እኅቶች ያስረዷቸዋል። እንግዲህ ትክክለኛው ስፍራ፣ ተገቢው ቃልና የሰሚው ቋንቋ፣ ሦስቱም አስቀድሞ በአንድነት ነበሩ።

መሣሪያ ወደዚህ ሥራ የገባው ቀስ በቀስ ነው። በ1952 በአምስተርዳም የስቴደሊክ ቤተ መዘክር በአጭር ሞገድ ራዲዮ ለጐብኚዎች መግለጫ ማሰማት ጀመረ። ነገር ግን ቃሉ ለሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚተላለፍ፣ ሰው ሁሉ እኩል መራመድ ነበረበት። በ1991 ካናዳዊቷ ሠዓሊ ጃኔት ካርዲፍ በባንፍ ከተማ በካሴት የተቀዳ የእግር ጉዞ አዘጋጀች፤ በዚህም ጊዜ ሰሚው እርምጃውን ከድምፁ ጋር ማስተካከል ነበረበት። በግንቦት 2 ቀን 2000 የአሜሪካ መንግሥት በጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይት ምልክት ላይ ሆን ብሎ ያደርገው የነበረውን ማዛባት አቆመ። እስከ 100 ሜትር ይደርስ የነበረው ስሕተት እጅግ ቀነሰ፤ ከዚህም የተነሣ ድምፁ በተራው እግረኛውን መከተል ቻለ።

ይሁን እንጂ ኢየሩሳሌም ለዚህ ጥበብ አስቸጋሪ ናት። ምልክቱ ከግንብ ወደ ግንብ እየነጠረ ይሳሳታል፤ ጣሪያ ባለው ገበያ ውስጥም ይጠፋል። ከፍታን መለየት ደግሞ ከሁሉ ይብስበታል። የኢትዮጵያውያን መነኰሳት የሚኖሩበት ዴር ሡልጣን ከቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ጣሪያ በላይ ነው። ስፍራውን በካርታ ብቻ የሚያውቅ መሣሪያ፣ በመነኰሳቱ ጎጆዎች መካከል ለቆመው ሰው ከእግሩ በታች ስላለው ጸሎት ቤት ሊተርክለት ይችላል፤ በፊቱ ስላሉት አባቶች ግን ዝም ይላል።

ዝምታው ግን ከሳተላይት ጉድለት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ድምፅ የሚሰማው አስቀድሞ ምልክት በተደረገበት ስፍራ ነው፤ ምልክቱንም የሚያደርገው ሰው ነው። ያልተቀረጸ ታሪክ በአላፊው ዘንድ እንዳልነበረ ይቈጠራል። ስለዚህ የገዳሙን ነገር ከቀደሙት ሰምተው በአማርኛ የሚያስረዱ አረጋውያን ሳሉ፣ ቃላቸው በየስፍራው ተቀርጾ ሊቀመጥ ይገባል። አባቶች ሲያልፉ አብሯቸው የሚያልፈውን ነገር የትኛውም ሳተላይት አይመልሰውም።

ተሳላሚውም መሣሪያውን ቢይዝ የኤጌርያን ሥርዓት አይርሳ። እርሷ ንባቡን በጸሎት ጀምራ በጸሎት ትፈጽመው ነበር። ትረካው ካበቃ በኋላ ማዳመጫውን አውልቆ ጥቂት በዝምታ የቆመ ሰው፣ ስለ ስፍራው ከመስማት አልፎ ስፍራውን ተሳልሟል።