በኪሎሜትር የተጠራ ሰፈር፦ ባልባላና የጅቡቲ ከተማ አጥር

የአዲስ አበባ ነዋሪ አራት ኪሎን ወይም ስድስት ኪሎን ሲጠራ፣ ስሙ ርቀትን የሚያመለክት መሆኑን እምብዛም ልብ አይልም። በጅቡቲ ከተማ ዳርቻ ግን የሰፈር ስም ርቀትን በግልጽ ይናገራል። ከአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ማዶ በተዘረጋው በባልባላ በኩል አንዱ መንደር «ፔካ ዱዝ» ይባላል፤ ትርጉሙም በፈረንሳይኛ «የኪሎሜትር ምልክት 12» ማለት ነው። ልኬቱ የሚነሣው ከከተማዪቱ ስለሆነ፣ ስሙ ነዋሪው የት እንደሚኖር ከመናገሩ በፊት ከየት እንደራቀ ይናገራል።

በቅኝ አገዛዝ ዘመን በከተማዪቱ ውስጥ የተቈረቈሩት የአገሬው ሰፈሮች የተሰየሙት በተራ ቍጥር ነበር፤ ከ«ካርቲዬ 1» እስከ «ካርቲዬ 7» ይደርሳሉ። የቍጥር ስም ለዛ ቢያጣም፣ የተቈጠረ ሰፈር የከተማው አካል ነው። ባልባላ ከዚህ ቈጠራ ውጭ የቀረበት ምክንያት ርቀት ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1966 ጄኔራል ደ ጎል ጅቡቲን ሲጎበኙ፣ ነጻነት የሚጠይቅ ሰልፍ ጠበቃቸው፤ ደም ያፋሰሰ ግጭትም ተከተለ። በማርች 1967 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ግዛቱ ከፈረንሳይ ጋር እንዲቀጥል ተወሰነ፤ ስሙም «የአፋሮችና የኢሳዎች የፈረንሳይ ግዛት» ተባለ። በዚያው ጊዜ ከተማዪቱ በእሾሃማ ሽቦና በጥበቃ ማማዎች ታጠረች። ዓላማው ከገጠርና ከጎረቤት አገር የሚመጣውን ሰው፣ በተለይም ሶማሌውን፣ መግታት ነበር። አጥሩ በፈረንሳይኛ «ባራዥ» ተባለ፤ ቃሉ የወንዝ ግድብንም የመንገድ ኬላንም ይጠራል። ሁለቱም ትርጉሞች ከነገሩ ጋር ይስማማሉ፤ የሚፈስሰውን ሕዝብ ገድቦ፣ የሚያልፈውን በወረቀት ይመረምር ነበርና።

የመታወቂያ ወረቀት የሌለው ሰው ከአጥሩ ውጭ ቀረ፤ እንጀራው ግን በውስጥ ነበር። ወደቡ፣ ገበያውና የሹማምንቱ ቤት ጉልበት ይፈልጉ ነበር። በእንጨት፣ በቆርቆሮና በጨርቅ የተሠሩት የባልባላ ጎጆዎች የበዙት በዚህ ቅራኔ ምክንያት ነው። ሕግ ያላወቀውን ሰው የሚያውቀው ዘመዱ ነበር፤ አዲስ መጤ ከወገኑ ዘንድ ያርፋል፣ ቀድሞ የገባው ለኋለኛው ሥራ ይጠይቅለታል። የሰፈሩ መቀራረብ ከዚህ ችግር የተወለደ እንጂ የመንደር ናፍቆት ብቻ አልነበረም።

በሌሎች ከተሞች ዳርቻ የሚኖረውና መሐል ከተማ የሚሠራው ሕዝብ አብዛኛውን ጊዜ የርካሽ መሬትና የመጓጓዣ ውጤት ነው። በባልባላ ግን የዕለት ምልልሱን የጀመረው ኬላ ነው። በጁን 27 ቀን 1977 ነጻነት ታወጀ፤ አጥሩም በኋላ ተወገደ። በ1980ዎቹ ባልባላ በይፋ ከከተማዪቱ ጋር ተቀላቀለ፤ ዛሬ ከራስ ዲካና ከቡላኦስ ጋር ከሦስቱ የከተማዪቱ ኮሚዩኖች አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ አምቡሊን ተሻግሮ ወደ ሥራው የሚወርደው ሕዝብ የሚከተለው መሥመር ያው የቀድሞው ነው። ሽቦው ተነቅሏል፤ የኪሎሜትሩ ስም ግን አልተነቀለም። በፔካ ዱዝ ተወልዶ ያደገ ልጅ የተወለደበትን ስፍራ በጠራ ቍጥር፣ ሳያውቀው ከሌላ ሰው ደጃፍ ጀምሮ ይቈጥራል። አስተዳደር በአዋጅ አንድ ያደረገውን ከተማ፣ ቋንቋ ገና ሁለት አድርጎ ይይዘዋል።