ኬሞቴራፒና ዒላማ ያለው መድኃኒት በጨጓራ ካንሰር ሕክምና ታሪክ

አንድ የሥራ ባልደረባችን በተዛመተ የጨጓራ ካንሰር ታሞ ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ ኬሞቴራፒ መጀመሩን ነገረን። እኛም «አይዞህ» ከማለት በቀር የምንለው አልነበረንም። ዕጢው ለየትኛው ፕሮቲን ተመርምሮ እንደ ሆነ መጠየቅ እንደሚገባ ያወቅነው እርሱ ካረፈ በኋላ፣ የዚህን ሕክምና ታሪክ ለሠልጣኞቻችን ስናዘጋጅ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቴዎዶር ቢልሮት በ1881 ቪየና ውስጥ ካንሰር የያዘውን የጨጓራ ክፍል ቆርጦ በማውጣት ተሳካለት። ታካሚዋ ከቀዶ ሕክምናው ብትተርፍም ካንሰሩ ተመልሶባት ከአራት ወር ያህል በኋላ ሞተች። ለተዛመተው በሽታ የኬሚስቶች ተራ የደረሰው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ1957 ቻርለስ ሃይደልበርገርና ጓደኞቹ ፍሎሮዩራሲልን አስታወቁ። በ1965 ደግሞ ባርኔት ሮዘንበርግ ኤሌክትሪክ በባክቴሪያዎች ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ሲመረምር፣ መባዛታቸውን ያቆመው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከፕላቲነም ዘንጎቹ የወጣ ውሁድ ሆኖ አገኘው፤ ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት የመጣው ከዚህ ነው። የኬሚስትሪ መምህራን ይህን ቢተርኩት ክፍሉ አይተኛም። ሆኖም ሁለቱም መድኃኒቶች በፍጥነት የሚባዛን ሕዋስ ሁሉ ስለሚያጠቁ፣ ጤናማውን የአንጀት ሽፋንና መቅኔም ይጎዳሉ።

ዒላማ ያለው መድኃኒት የሚባለው በካንሰሩ ሕዋስ ላይ በተለየ ሁኔታ የበዛን ፕሮቲን ፈልጎ የሚይዝ ነው። ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ በ1987 ኸር-2 የተባለው ጂን የበዛባቸው የጡት ካንሰሮች የከፉ መሆናቸውን አሳዩ፤ ይህን ፕሮቲን የሚይዘው ትራስቱዙማብ በ1998 አሜሪካ ውስጥ ለጡት ካንሰር ተፈቀደ። ጨጓራስ? በ24 አገሮች በተካሄደው ጥናት 3,800 ያህል ታካሚዎች ዕጢያቸው ተመረመረ፤ ኸር-2 የበዛው ከ100 በ22 ያህሉ ብቻ ነበር። ከእነዚህም 594ቱ በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ኬሞቴራፒ ብቻ፣ ግማሾቹ ኬሞቴራፒ ከትራስቱዙማብ ጋር ተሰጣቸው። ውጤቱ በ2010 ታተመ። የሒሳብ መምህራን ሚዲያን በሚሉት ሲለካ ዕድሜያቸው 11.1 ወር የነበረው ወደ 13.8 ወር ከፍ አለ። ፕሮቲኑ እጅግ በበዛባቸው ዘንድ ግን ልዩነቱ ከ11.8 ወደ 16 ወር ደረሰ። ሁለት ወር ከሦስት ሳምንት ምን ይጠቅማል የሚል ሠልጣኝ አጋጥሞናል። እኛ ለባልደረባችን ልጆች ይጠቅም ነበር እንላለን።

መድኃኒት በተጨመረ ቁጥር ግን አይሻልም። በ2013 በታተመ የብሪታንያ ጥናት ፓኒቱሙማብ የተባለው ዒላማ ያለው መድኃኒት ዕጢያቸው ለዒላማው ሳይለይ ለታካሚዎች ተጨመረ። ሁለቱን ባንድነት ሰውነት ስለማይችላቸው የኬሞቴራፒው መጠን መቀነስ ነበረበት፤ የተጨመረላቸው 8.8 ወር፣ ያልተጨመረላቸው 11.3 ወር ኖሩ። ዒላማው ተለይቶም ቢሆን ሁልጊዜ አይሳካም፤ ላፓቲኒብ ኸር-2 ለበዛባቸው ተሰጥቶ የሚያስተማምን የዕድሜ ልዩነት አላመጣም። በ2023 ደግሞ ክላውዲን 18.2 የተባለው ፕሮቲን ተለይቶ ዞልቤቱክሲማብ ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ፣ 15.5 ወር የነበረው 18.2 ወር ሆነ።

ትራስቱዙማብን የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያስገባው ለጡት ካንሰር ነው። የኸር-2 ምርመራው ራሱ በቀለምና በማይክሮስኮፕ የሚጀመር ነው። ይሁን እንጂ በጨጓራ ዕጢ ላይ ፕሮቲኑ አንዱ ጫፍ ላይ በዝቶ ሌላው ላይ ጨርሶ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ከአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከበርካታ ቦታ ቁራጭ መውሰድ ይኖርበታል።