ቅዱሳት ቅርሶችን መጠራጠር ሃይማኖትን መካድ ነውን?

በብዙ ሃይማኖቶች ዘንድ የቅዱሳን አጽም፣ ልብስ ወይም በሕይወት ሳሉ የተገለገሉበት ዕቃ በክብር ይጠበቃል። ምእመናን ይሳለሙታል፤ በደዌ ጊዜ ይማፀኑበታል፤ ረጅም መንገድ ተጉዘው በፊቱ ይጸልያሉ። ስለዚህም አንድ ሰው «ይህ ቅርስ በእርግጥ የተባለው ነውን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው በቤተሰብም ሆነ በጉባኤ ዘንድ ብዙ ጊዜ የክህደት መጀመሪያ ተደርጎ ይወሰዳል። የክርስትና ታሪክ የሚያሳየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ስለ ቅርሶች እውነተኛነት አጥብቀው ከጠየቁት መካከል ጎልተው የሚታዩት ጳጳሳት፣ መነኮሳትና የሃይማኖት ሊቃውንት ናቸው። አንዳንዶቹ ጥያቄውን ይዘው በእምነታቸው ጸንተዋል፤ ሌሎች ደግሞ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው ተሻግረዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአውግስጢኖስ መንገድ

በ354 ዓ.ም. በዛሬዋ አልጄሪያ ግዛት የተወለደው አውግስጢኖስ እናቱ ሞኒካ ክርስቲያን ነበረች። እርሱ ግን በወጣትነቱ የማኒን ትምህርት ተከትሎ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ። ቀጥሎም እርግጠኛ እውቀት አይገኝም ወደሚሉ ፈላስፎች አዘነበለ። በመጨረሻ በ387 በሚላኖ ከተማ በጳጳሱ አምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ፤ ኋላም የሂፖ ጳጳስ ሆነ።

ይህ ሰው በ401 ዓ.ም. ገደማ ስለ መነኮሳት ሥራ በጻፈው ድርሳን የምንኩስና ልብስ ለብሰው እየዞሩ የሰማዕታትን አጽም የሚሸጡ ሰዎችን ገሥጿል። የሚሸጡት አጽም የሰማዕታት ስለ መሆኑም ጥርጣሬውን አልደበቀም። ይሁን እንጂ በ415 በኢየሩሳሌም አቅራቢያ ተገኘ የተባለው የቅዱስ እስጢፋኖስ አጽም ክፋይ ወደ ሂፖ በደረሰ ጊዜ ተቀብሎታል። በዚያ ተፈወስን ያሉ ሰዎች የሆነውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡና በሕዝብ ፊት እንዲነበብ አድርጓል፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላም ሰባ የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ምስክርነቶች መሰብሰባቸውን ጽፏል። ሻጮችን የተጠራጠረውና አጽሙን ያከበረው አንድ ሰው ነው። በሁለቱም ጊዜ ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ ምስክር ፈልጓል።

የቅርስ ንግድና የቤተ ክርስቲያን ሕግ

በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ታዋቂ ቅርስ ያላት ከተማ ተሳላሚ አይጠፋባትም ነበር። ተሳላሚውም ስጦታ ይዞ ይመጣል፤ ገበያውም ይደምቃል። በዚህ ምክንያት አንድ ቅዱስ አጽም በሁለት ስፍራ መገኘቱ እንግዳ ነገር አልነበረም። በ12ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ፈረንሳዊው የኖዣን ገዳም አበምኔት ጊቤር የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ ሁለት ስፍራዎች በየፊናቸው በእጃችን ነው ማለታቸውን ነቅፎ ጽፏል። ቅዱሱ ሁለት ራስ ሊኖረው ስለማይችል፣ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ስሕተት መሆኑ ግልጽ ነበር። አበምኔቱ ይህን የጻፈው በቅዱሳን ክብር አምኖ ነው፤ የአንዱን ሰው አጥንት የሌላው ነው ብሎ ማክበር ክብሩን ያጎድፋል የሚል ነበር ሐሳቡ።

በ1204 የመስቀል ጦረኞች ቁስጥንጥንያን ከዘረፉ በኋላ ከዚያች ከተማ የተወሰዱ ቅርሶች ምዕራብ አውሮፓን አጥለቀለቁ። በ1215 የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ቅርሶች ለሽያጭ እንዳይቀርቡ ከለከለ፤ አዲስ የተገኙትም ያለ ሊቀ ጳጳሱ ፈቃድ እንዳይከበሩ ወሰነ። ዛሬም የሚሠራበት የ1983ቱ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ቅዱሳት ቅርሶችን መሸጥ ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን ይደነግጋል።

የቱሪን ከፈን

በዚህ ረገድ ከሁሉ የበለጠ የተጠናው በጣሊያን ቱሪን ከተማ የሚገኘው ከፈን ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ10 ያህል የሆነ የተልባ እግር ጨርቅ ሲሆን፣ የተገረፈና የተሰቀለ ሰው ምስል በፊትና በኋላ በኩል ደብዘዝ ብሎ ይታይበታል። ብዙ ምእመናን የክርስቶስ መግነዝ እንደሆነ ያምናሉ።

ጨርቁ በታሪክ መዝገብ በግልጽ የሚታየው በ1350ዎቹ ሊሬ በምትባል የፈረንሳይ መንደር፣ ጆፍሯ ደ ሻርኒ የተባለ ባላባት ባሠራው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። በ1389 የትሯ ከተማ ጳጳስ ፒዬር ዳርሲ በአቪኞን ለነበረው ቀሌምንጦስ 7ኛ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤውም ከእርሱ በፊት የነበረው ጳጳስ ጉዳዩን መርምሮ ጨርቁ በሰው እጅ የተሣለ መሆኑን እንደደረሰበት፣ የሣለውም ሰው ማመኑን አመለከተ። ቀሌምንጦስ በ1390 ጨርቁ ለሕዝብ እንዲታይ ፈቀደ፤ ነገር ግን የክርስቶስ ከፈን ራሱ ሳይሆን ምስሉ ወይም አምሳያው መሆኑ እንዲነገር አዘዘ። የደብዳቤው ይዘትና የጳጳሱ ዓላማ እስከ ዛሬ በታሪክ ተመራማሪዎች መካከል ክርክር ያስነሣል።

ጨርቁ በ1453 ወደ ሳቮይ መሳፍንት እጅ ገባ፤ በ1532 ከደረሰበት ቃጠሎ ተርፎ በ1578 ወደ ቱሪን ተወሰደ። በ1898 ሴኮንዶ ፒያ የተባለ ፎቶ አንሺ ምስሉን ሲያነሣ፣ በኔጋቲቩ ላይ ፊቱ ከጨርቁ ይልቅ ጎልቶ መታየቱ የዓለምን ትኩረት ሳበ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመካከለኛውን ዘመን ሰነዶች ሰብስበው ያሳተሙትና ጨርቁ ጥንታዊ አይደለም ብለው የተከራከሩት ግን ዩሊስ ሸቫሊዬ የተባሉ የካቶሊክ ቄስ ነበሩ።

በ1988 የቤተ ክርስቲያኒቱ ፈቃድ ተገኝቶ ከጨርቁ አንድ ጥግ ናሙና ተቆረጠ፤ በኦክስፎርድ፣ በዙሪክና በአሪዞና ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ ሙከራዎችም በካርቦን 14 ተመረመረ። ሦስቱም የደረሱበት ውጤት ተቀራራቢ ሆነ፦ ተልባው የበቀለው ከ1260 እስከ 1390 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ውጤቱን በጥቅምት ወር ለሕዝብ ያስታወቁት የቱሪኑ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል አናስታሲዮ ባሌስትሬሮ ነበሩ። ናሙናው የተቆረጠው ኋላ ከተጠገነ ክፍል ነው በማለት ውጤቱን የሚቃወሙ ተመራማሪዎች አሉ፤ ምስሉ በምን ዘዴ እንደተሠራም ሁሉም የተስማሙበት ማብራሪያ አልተገኘም። ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1998 ቱሪንን ሲጎበኙ፣ ጉዳዩ የእምነት ጥያቄ ባለመሆኑ ቤተ ክርስቲያን ልትወስንበት እንደማትችልና ምርመራው የሳይንቲስቶች መሆኑን ተናግረዋል። ጨርቁ ዛሬም በክብር ይጠበቃል፤ ለእይታ በሚቀርብበት ጊዜም ተሳላሚው ብዙ ነው።

ሁለት ተቃራኒ ጉዞዎች

ዣን ካልቪን በ1509 በፈረንሳይ ኖዮን ከተማ ተወለደ። አባቱ በቤተ ክህነት ጽሕፈት ቤት ያገለግል ነበር፤ ካልቪንም በአቅራቢያው በነበረ ገዳም የቅድስት ሐና ነው የተባለ አጽም መሳለሙን ኋላ ጽፏል። ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በጄኔቫ የተሐድሶ መሪ ከሆነ በኋላ፣ በ1543 ስለ ቅርሶች ባሳተመው ድርሳን በየአገሩ ያሉትን አጽሞችና ዕቃዎች እየቆጠረ ተችቷል። የመስቀሉ ስብርባሪዎች ቢሰበሰቡ አንድ መርከብ ይሞላሉ ማለቱም በሰፊው ይታወቃል።

ይህ አባባል ራሱ ኋላ ምርመራ ገጥሞታል። በ1870 ሻርል ሮኦ ደ ፍለሪ የተባለ ፈረንሳዊ የታወቁትን የመስቀል ስብርባሪዎች ለክቶ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሁሉም ቢደመሩ የአንድ መስቀልን ያህል እንጨት እንኳ እንደማይወጣቸው አስልቷል። ስሌቱ ስብርባሪዎቹ እውነተኛ መሆናቸውን አያረጋግጥም። የሚያሳየው ተጠራጣሪውም እንደ አማኙ ሳይለካ ሊናገር እንደሚችል ነው።

እንግሊዛዊው ጆን ሄንሪ ኒውማን የተጓዘው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። በኦክስፎርድ የታወቀ የአንግሊካን ካህን ነበር፤ በ1845 ካቶሊክ ሆነ። በ1851 በሰጣቸው ትምህርቶችም በቅዱሳን ቅርሶች እንደሚያምን በግልጽ ተናገረ። ኒውማን በ1890 ዐረፈ። ቅድስናው ሊታወጅ ሲቃረብ በ2008 መቃብሩ ተከፈተ፤ ዓላማው አጽሙን ምእመናን ወደሚሳለሙበት ስፍራ ማፍለስ ነበር። ሆኖም ሬሳው ሙሉ በሙሉ ወደ አፈር ተመልሶ ስለነበር የተገኘው ስሙ የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳና ጥቂት የሣጥኑ ቅሪት ነበር። የአጽሙ አለመኖር ግን ሂደቱን አልገታም፤ በ2019 ቅዱስ ተብሎ ታወጀ።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የክርስቶስ መስቀል ክፋይ የሆነው ግማደ መስቀል በወሎ አምባሰል በግሸን ደብረ ከርቤ እንደሚገኝ ታስተምራለች። በትውፊቱ መሠረት ወደ አገር የመጣው በዐፄ ዳዊት ዘመን ነው፤ በግሸን ያኖሩት ደግሞ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በርካታ ምእመናን ወደ ስፍራው ይጓዛሉ። በአክሱም ጽዮን እንደሚገኝ የሚታመነው ታቦተ ጽዮንም ከጠባቂው መነኩሴ በቀር ለማንም አይታይም። ሁለቱም ለቤተ ሙከራ ምርመራ አልቀረቡም። ስለዚህ ስለ ቱሪኑ ጨርቅ የተገኘውን ውጤት ወደ እነዚህ ማዛመት አይቻልም፤ ያልተመረመረን ነገር ተረጋግጧል ማለትም እንዲሁ አይቻልም።

ዩኔስኮ በ2013 የመስቀልን በዓል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሯል። የመዘገበው ሕዝቡ የሚያከብረውን ሥርዓት እንጂ የእንጨቱን ዕድሜ አይደለም። ይህ ልዩነት ለጠያቂውም ለአማኙም ይጠቅማል።

ምን መጠየቅ ይቻላል?

የታሪክ ተመራማሪዎች አንድን ቅርስ ሲመረምሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሰው መቼና የት እንደሆነ፣ በማን እጅ እንዳለፈ፣ ስለ እርሱ የተጻፈው ሰነድ በዘመኑ የተጻፈ መሆኑንና ሌላ ስፍራም ያንኑ ይዤአለሁ የሚል መኖሩን ይጠይቃሉ። የካርቦን ምርመራ ዕቃው ከተባለበት ዘመን በኋላ የተሠራ ከሆነ ያንን ሊያሳይ ይችላል። ዕድሜው ቢገጥም ግን የማን እንደነበረ ሊናገር አይችልም፤ የመጀመሪያው ምዕተ ዓመት እንጨት ሁሉ የቀራንዮ መስቀል አይደለምና። ቅርሱ በዋጋ የሚቀርብ ወይም ፈውስ በክፍያ የሚሰጥበት ከሆነ፣ ከአውግስጢኖስ ዘመን ጀምሮ የተነሣው ጥርጣሬ ዛሬም ተገቢ ነው።

ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክ፣ ፕሮቴስታንትና ሙስሊም ዘመዳሞች በአንድ ማዕድ በሚቀመጡባቸው የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች፣ በስደት አገርም ጭምር፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ስለ አንድ ቅርስ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ስለ ዕቃው ይሁን ስለ እምነቱ ለይቶ መስማት ዝምድናን ከመፍረስ ያድናል። ካልቪን ትችቱን ያሳተመው ከቤተ ክርስቲያኑ ከወጣ በኋላ ነው፤ አበምኔቱ ጊቤር ግን ጠይቆም በገዳሙ ኖሯል።