ቅዳሜ ያስነሳችው ጠብ

ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ቅዳሜ በሬ አይጠመድም። ለምን ሲባል «ሰንበት ነዋ!» ይባላል፣ አለቀ። እሑድም ግን ሰንበት ነው። ታዲያ ሁለት ሰንበት ከየት አመጣን? መልሱ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ጠብ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከግብፅ ይላኩ የነበሩት ጳጳሳት ቅዳሜን ማክበር የአይሁድ ሥርዓት ነው ይሉ ነበር። በሰሜን በኩል የተነሡት አባ ኤዎስጣቴዎስ ግን ሰንበት ከአሥርቱ ትእዛዛት አንዱ ነውና አይሻርም አሉ። አልሆነላቸውም። አገር ጥለው በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ አድርገው አርሜንያ ገቡ፤ እዚያው በ1352 ዐረፉ።

ደቀ መዛሙርታቸው አልተበተኑም። ተወግዘው፣ ክህነት ተከልክለው ዳር አገር ሰፈሩ፤ ደብረ ቢዘንን የመሰሉ ገዳማት አቋቋሙ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ መነኩሴ ክህነትን ያህል ነገር አጥቶ አንዲት ቀን አልለቅም ማለቱ! በ1404 ዐፄ ዳዊት ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። በ1450 ደግሞ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ጠርተው፣ ሁለቱ ግብፃውያን ጳጳሳት ሚካኤልና ገብርኤል ባሉበት ቅዳሜ እንደ እሑድ እንድትከበር ተወሰነ። ንጉሡን የገፋቸው እምነት ብቻ አይመስለኝም፤ የተከፈለች ቤተ ክርስቲያን ይዞ ሰፊ አገር መግዛት ይከብዳል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የመነኮሳት ብቻ መሆኗ ቀረ፣ የገበሬውም ሆነች። ይህን ዐፄ ሱስንዮስ ዘግይተው አዩት። ወደ ካቶሊክ ሲያዘነብሉ ቅዳሜ እንዳትከበር አዘዙ፤ በጌምድር ላይ ዐመፅ ተነሣ። አንድ ባሕርይ፣ ሁለት ባሕርይ የሚለው ክርክር ለገበሬው ሩቅ ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ እረስ መባል ግን ጎጆው ድረስ ይገባል። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ሕዝቡም በበኩሉ ሰንበትን እንደሚመቸው አድርጎ ነው የያዛት። ሞፈሩ ያርፋል፣ ገበያው ግን ይደራል፤ ቅዱስ ላሊበላ ያለችበት ከተማ እንኳን ትልቁ ገበያዋ ቅዳሜ ነው።

ከእህል ከውሃ የምትጾም ቅዳሜ በዓመት አንዲት ብቻ ናት፣ የትንሣኤ ዋዜማ። ክብሯ ለዚያን ቀን በጾም ስለሚሻር «ቅዳም ስዑር» ትባላለች፤ የተሻረች ቅዳሜ ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ «ቅዳም ሹር» የምንላት፣ ካህናቱ ያደሉንን ቄጤማ ግንባራችን ላይ የምናስርባት ቀን እሷ ናት።