ጅባ እና የጠላቂ ልብስ

ጅባ፤ ከደረቀ እንሰት የተሠራ ምንጣፍ፤ ቸሃ፣ ጉራጌ።
አጠገቡ፦ ባለ 7 ሚሊሜትር የጠላቂ ልብስ፤ ኒዮፕሪን የተባለ ጎማ።

በቸሃ ጎጆ የክረምት ብርድ በበር ብቻ አይገባም፤ ከመሬትም ይወጣል። ጅባ የሚነጠፈው ለዚህም ነው። ግንድ የሚመስለው የእንሰት አካል የተደራረበ የቅጠል እግር ነው፤ ሲቆረጥ ውስጡ በአየር ክፍሎች የተሞላ ሆኖ ይታያል። ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፣ አየሩ ይቀራል። አየር ደግሞ ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም።

ጥቁሩ ልብስ ያለ አየር ሲሊንደር፣ ትንፋሹን ይዞ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለሚጠልቅ ሰው የተሠራ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ወደ 25 እጥፍ ፈጥኖ ይወስዳል። ይህም ጎማ የሚያሞቀው በውስጡ በታሰሩ የጋዝ አረፋዎች ነው። ሆኖም 10 ሜትር ላይ ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን አረፋዎቹ ይጨመቃሉ፤ ልብሱም ይሳሳል። ስለዚህ መራጭ በውፍረት ብቻ አይታለል። በእኛ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው በልክ መሆኑ ነው፤ በአንገትና በወገብ ውሃ የሚያስገባ ልብስ 7 ሚሊሜትር ቢሆንም አያሞቅም። ቆቡ ከጃኬቱ ጋር አንድ የሆነው የሚመረጠውም ለዚሁ ነው። ውስጡ ጨርቅ ያልተለበጠው ገላ ላይ ልጥፍ ይላል፤ ለመልበስ ግን የሳሙና ውሃ ያስፈልጋል።

ጅባውን ግን ውሃ አይንካው።