ላም አለኝ በሰማይ፦ የወተት ብድራችን ታሪክ

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ለአየር ንብረት ተስማሚ የወተት ልማት» የሚለው ሐረግ አሁን አሁን ከፕሮጀክት ሰነድ አይጠፋም። ሐሳቡ ቀላል ነው። ላም ስታመነዥክ ሚቴን የተባለ ጋዝ ታስወጣለች። በቀን ሁለት ሊትር የማትሞላ የሀበሻ ላምና አሥር ሊትር የምትታለብ ዲቃላ ላም በሊትር ሲሰላ የሚያስወጡት ጋዝ በእጅጉ ይለያያል። ስለዚህ ጥቂት፣ ግን በደንብ የተመገቡ ላሞች ይኑሩ፤ ወጪውን የአየር ንብረት ፈንድ ይጋራ ይባላል።

ለእኛ ነገሩ ትንሽ አይደለም። በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂያችን በ2010 አገሪቱ ከለቀቀችው 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ በካይ ጋዝ ውስጥ 65 ሚሊዮኑን ለእንስሳት ሀብቱ ሰጥቶታል። ታዲያ ገንዘቡ ቢመጣ ምን ይግዛበት? ይህን ለመመለስ ከዚህ በፊት የመጣው ገንዘብ ምን እንደገዛ ማየት ይበጃል።

የውጭ ዝርያ የወተት ላሞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተባበሩት መንግሥታት እርዳታ መጡ፤ ፍሪዢያንና ብራውን ስዊስ። ቀጥሎ በዩኒሴፍ ድጋፍ ሾላ ላይ የወተት ማቀነባበሪያ ተተከለ። የሁለቱም ዓላማ አዲስ አበባን ወተት ማጠጣት ነበር። ባላገሩ በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም።

ባላገሩ የገባው በ1967 በስዊድን ገንዘብ አርሲ ላይ በተቋቋመው በካዱ ነው፤ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት። ካዱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ሰጠ፣ ዲቃላ ጊደር አከፋፈለ፣ ወተት መሰብሰቢያ ከፈተ። ምርት ጨመረ። ነገር ግን መሬቱ የጭሰኛው አልነበረም። እርሻ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር አስገቡና ጭሰኛውን አስነሡት። ብድሩ ለገበሬው ታስቦ ነበር፤ ትርፉ ግን መሬቱን ተከትሎ ሄደ።

በ1971 የዓለም ባንክ ገንዘብ ያለበት የወተት ልማት ድርጅት ተቋቋመ። በዓመቱ በቀን 21 ሺህ ሊትር ያህል ወተት ይሰበስብ ነበር፤ ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ግን ከ65 ትልልቅ እርሻዎች ነበር። ዋስትና ማቅረብ የቻለ ተበደረ፣ መኪና የሚደርስበት ሸጠ። አብዮቱ እነዚያን እርሻዎች ወረሰ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የመንግሥት እርሻዎች ቅድሚያ አገኙ፤ አነስተኛው ገበሬ እንደገና ከኋላ ቀረ።

ከሁሉም ለየት ያለው ሰላሌ ላይ በፊንላንድ እርዳታ የተሠራው ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በሌላ ምዕራፍ ከ1995 እስከ 1998 ቀጠለ። እዚያ ገበሬዎች በቡድን ተደራጅተው ወተታቸውን በእጅ በሚዞር ክሬም መለያ ቅቤና ዓይብ አደረጉት። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን በዐቢይ ጾም ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ፣ በተጨማሪም በየረቡዕና በየዓርቡ፣ የወተት ፈላጊ ሲቀንስ ላሟ መታለቧን አታቆምም። ወተት ያድርና ይበላሻል፤ ቅቤ ግን ይቀመጣል። ያቺ ርካሽ ማሽን ከገበሬው ትከሻ ላይ ኪሳራ አወረደች።

ካዱ አርሲ ላይ ሲሠራ ሕንድም የራሷን ትሞክር ነበር። በ1970 የጀመረው «ኦፕሬሽን ፍለድ» ከአውሮፓ በእርዳታ የመጣ የወተት ዱቄትና ቅቤ ከተማ ውስጥ እየሸጠ ገንዘቡን የመንደር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ አዋለ። አንዲት ላም ወይም ጎሽ ያላት ሴት ጠዋትና ማታ ወተቷን ታስረክባለች፤ ስቡ ተለክቶ ይከፈላታል። እዚያ ገንዘቡ መጀመሪያ የገዛው ላም አልነበረም፤ የማይቋረጥ ገዢ ነበር።

ወደ ሚቴኑ እንመለስ። ገበሬያችን ብዙ ከሲታ ከብት የሚይዘው ስሌት ስለማያውቅ አይደለም። በሬው ያርሳል፣ እበቱ ማገዶና ማዳበሪያ ነው፣ ጊደሯ ለልጅ ትምህርት ወይም ለሕክምና ትሸጣለች። ከብቱ ቁጠባውም ኢንሹራንሱም ነው። አንዲት ዲቃላ በብድር ብትሰጡት የሀበሻዎቹን ሸጦ አይገላገልም፤ በላያቸው ይጨምራታል። ጋዙ በሊትር ይቀንሳል፣ በድምሩ ግን ይጨምራል። ዲቃላዋ ደግሞ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ትፈልጋለች፤ ለበሽታም ስስ ናት። የሞተች ቀን ዕዳው አብሯት አይሞትም።

ዛሬ ከካዱ ዘመን የተሻሉ መሣሪያዎች አሉን። በ2019 የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ከብትን ለብድር መያዣነት ፈቅዷል፤ ሌላ መያዣ ለሌለው ገበሬ ይህ ትልቅ በር ነው። ቦረና ላይ በ2012 የተጀመረው የግጦሽ ሁኔታን በሳተላይት እየለካ የሚከፍል ኢንሹራንስ ለከብት መድን መስጠት እንደሚቻል አሳይቷል። ይሁንና በር ተከፈተ ማለት ገበሬው ገባ ማለት አይደለም። ላሟን መያዣ ማድረግ ብቻውንም አደጋውን ከገበሬው ወደ ሌላ አያዞረውም፤ መድን ከሌለ ላሟንም ተስፋውንም አንድ ላይ ያጣል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ለወተት ልማት» የሚል ዜና ስታነቡ ስንት ጊደር እንደሚከፋፈል ብቻ አትቁጠሩ። በጾም ወራት ወተቱን ማን ይገዛል? ላሟ ብትሞት ዕዳውን ማን ይሸከማል? ገበሬው ትርፍ ከብቱን ቢሸጥ ገንዘቡን የት ያስቀምጣል? ሰነዱ ለእነዚህ መልስ ከሌለው ለገበሬው የመጣው አዲስ ገንዘብ ሳይሆን አዲስ ዕዳ ነው። አባቶቻችን ለእንዲህ ያለው ተስፋ ተረት አላቸው፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።