በኢማክስ ውስጥ ማስፈንጠሪያ እንዴት ይሠራል?

ኢማክስ ተጠቃሚው በራሱ ፕሮግራም እንደሚፈልገው የሚያሻሽለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ሲሆን፣ የግዕዝ ፊደል መጻፊያም አብሮት ይመጣል። ማስፈንጠሪያ ወይም ሊንክ ለመሥራት የሚመቸው፣ ካርስተን ዶሚኒክ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ኦርግ የተባለው ክፍሉ ነው።

ስለ ደብረ ማርቆስ ታሪክ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው የከተማዋን የቀድሞ ስም «መንቆረር»ን መርጦ ኮንትሮል-ሲ፣ ቀጥሎም ኮንትሮል-ኤል ቢጫን፣ ኢማክስ የሚያገናኝበትን አድራሻና መጠሪያውን ይጠይቀዋል። ሁለቱም በማዕዘን ቅንፍ ታጥረው በፋይሉ ይቀመጣሉ፤ በስክሪኑ ላይ ግን የተሰመረበት መጠሪያ ብቻ ይታያል። ለመክፈት ኮንትሮል-ሲ፣ ኮንትሮል-ኦ ነው። ፋይሎቹ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ እስካሉ ድረስ፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል እንደሆነው የሞባይል ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል።

አማርኛ ጸሐፊን የሚያስቸግረው ሞክሼ ፊደል ነው። «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት» የሚለውን ርዕስ «ንጉስ» ብለው ቢያገናኙት ኢማክስ አንድ ናቸው አይልም፤ ርዕሱን አጥቶ «አዲስ ልክፈት ወይ?» ይላል። እሺ ያለ ሰው ለአንድ ንጉሥ ሁለት ማስታወሻ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ለርዕሱ የማይለወጥ መለያ ሰጥቶ በመለያው ማገናኘት ይሻላል፤ አጻጻፉ በኋላ ቢታረምም አይበጠስም።